ስንተኛ እርግዝናሽ ነው?

ሰኞ፣ ጥቅምት 17። ከንጋቱ 11፡40

128/82። ትናንት 124/80 ነበር። ቁጥሩን በስልክ ላክሁ። መለኪያውን ሆስፒታሉ ነው ያዋሰኝ፤ የነፍሰ ጡሮችን የደም ግፊት ያጠናሉ። ሐኪሜ ላከችኝ፣ ፈረምኩ። ጠዋትና ማታ መለካት ነው ሥራዬ።

ባሌ ብሩክ ተኝቷል። የዚህ ሳምንት ሥራው ከሰዓት ነው፣ ኦስትሃፈን መጋዘን። እኔ ከሮደልሃይም ተነሥቼ ፌኸንሃይም፣ የአረጋውያን ቤት ሥራዬ እሄዳለሁ። የሰዉን ግፊት ስለካ እውላለሁ፣ የራሴን ግን ሁለት ሦስቴ እደግመዋለሁ። ባቡሩ ሊያመልጠኝ ነው።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18። ማታ 1፡00

131/84። እግሬን በጣቴ ተጫንኩት። አልሰረጎደም።

ደብተሬ፣ ለማንም ያልነገርኩትን ላንተ ልጻፍ። ይሄ የመጀመሪያዬ አይደለም። ከስድስት ዓመት በፊት፣ አዲስ አበባ፣ ሰባተኛ ወር። እግሬ አበጠ። ራሴን ፈለጠኝ። ዓይኔ ላይ ብልጭ ብልጭ አለ። ብርድ ነው ተባልኩ። ግፊቴን የለካ የለም። ሆስፒታል ስደርስ ልጄ ሆዴ ውስጥ ሞታ ነበር። አባቷ ቀድሞ ጥሎኝ ሄዷል። ብሩክን ያገኘሁት ከዚያ በኋላ፣ እዚህ ጀርመን ነው። አልነገርኩትም።

ባለፈው ወር ሐኪሜ ስንተኛ እርግዝና ነው ብላ ጠየቀች። ጀርመንኛው ገብቶኛል። አስተርጓሚዬ ግን ብሩክ ነበር፤ ወደኔ እንኳ ሳይዞር፣ ፊቱ በርቶ፣ የመጀመሪያችን ነው አላት። እንደዚያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም። አላረምኩትም። ሙተርፓሴ ላይ ተጻፈ። ይቺን የእርግዝና ደብተር ከእያንዳንዱ የሐኪም ቀጠሮ በኋላ ተቀብሎ እንደ ዳዊት ይደግማታል።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20። ማታ 12፡30

ዛሬ የጥናቱ ቃለ መጠይቅ። ቤተሰብ ማስተርጎም አይችልም፣ ደንብ ነው። ደስ አለኝ። እውነቱን ልናገር ቆርጬ ሄድኩ። በሩ ሲከፈት አስተርጓሚዋ እትዬ ለተ ናቸው! ኤርትራዊት ናቸው፣ አማርኛ የተማሩ፣ እዚህ አገር ከኔ ዕድሜ በላይ የኖሩ። በሠርጋችን ቀን እናቴን ተክተው የቆሙት እሳቸው ናቸው። ለብሩክ ይደርሳል ብዬ ፈራሁ።

ከዚህ በፊት አርግዘሽ ታውቂያለሽ? አላውቅም። ጠያቂዋ ነርስ ቅጹ ላይ «የለም» የሚለው ጋ ምልክት አደረገች።

ከዚያ የጥናቱ ዶ/ር አስረዳችኝ። በቀድሞ እርግዝናቸው ግፊት የነበረባቸው በየማታው ትንሽ ክኒን ይወስዳሉ፤ ከ16ኛው ሳምንት በፊት ቢጀመር ይመረጣል። እንደኔ የመጀመሪያዋ የሆነች ክትትል ይበቃታል። 14ኛ ላይ ነኝ። ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ትራም ስንጠብቅ እትዬ ለተ መሬት መሬት እያዩ እንዲህ አሉኝ፦

«መልስ ለመስጠት ዘገየሽ፣ ልጄ። እኔ ስድስት ወልጄ አራት ነው ያሳደግሁት። ስንት ልጅ አለሽ ሲሉኝ አራት እላለሁ፤ የሞተ አይቆጠርም ብለን ነው ያደግነው። እነዚህ ሰዎች የሚጠይቁት ግን ለመድኃኒቱ ነው። ደግሞ ሽቫይገፍሊኽት፣ ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለብኝ፤ እዚያ የሰማሁትን እዚያው ነው የምተወው።»

እሺ እትዬ፣ ደህና ያምሹ አልኳቸው። ትራሜ ላይ ወጣሁ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 22

136/86።

ብሩክ ከጓደኛው ያገኘውን ኪንደርቫገን፣ የሕፃን ጋሪ፣ እየገፋ መጣ። ገና ሳይወለድ ጋሪ ቤት ይገባል? ጮህኩበት። ምን አጠፋሁ ብሎ ቆመ። ምንም አላጠፋም። ጋሪውን ምድር ቤት አወረደው፤ እራቱን ሳይጨርስ ተነሣ። አሳዘነኝ፣ አናደደኝም።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። ሲባል ቀላል ነው።

ሰኞ፣ ጥቅምት 24

134/86። 15ኛ ሳምንት።

በእረፍት ሰዓቴ ወደ ጥናቱ ቢሮ ደወልኩ። የተሳሳተ መልስ ሰጥቻለሁ፣ ማረም እፈልጋለሁ አልኩ። አስተርጓሚ እንጥራ? አይ፣ ብቻዬን። ረቡዕ ነይ አሉኝ። አራት ዓረፍተ ነገር በጀርመንኛ ወረቀት ላይ ጻፍኩ። አሮጊቶቼን እያጠብኩ ሸመደድኩት።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 26። ከቀኑ 9፡10

ተናገርኩ። ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ጠፋብኝ፣ ወረቀቱን አይቼ ጨረስኩ። ዶ/ሯ አልተቆጣችም። ስንት ወር ነበር፣ ራስ ምታቱ መቼ ጀመረ፣ ዓይንሽስ፤ ሁሉንም ጻፈች። በስድስት ዓመት ውስጥ ስለዚያ ቀን የጠየቀኝ የመጀመሪያ ሰው እሷ ናት። የጥናቱን ቅጽ አረመች፤ ስህተቱ ሳይታረም ቢቀር ኖሮ ለሌሎቹ ሴቶች የሚወጣው ውጤትም ይበላሽ ነበር አለች። ክኒኑ ታዘዘልኝ። ከዛሬ ማታ ይጀመራል።

ከዚያ ሙተርፓሴን አንሥታ አየችኝ። ባልሽ ይሄን ያውቃል? አያውቅም። እንግዲያው በሌላ ወረቀት ልጻፍልሽ፣ ምርጫው ያንቺ ነው አለች። አሰብኩበት። ራሴን ስቼ ብወድቅ የሚከፍቱት ይቺን ደብተር ነው። እዚሁ ጻፊው አልኳት። ጻፈች።

አሁን ቤት ነኝ። ብሩክ በዚህ ሳምንት የጠዋት ነው፤ አሥር ሰዓት ላይ ይገባል፣ ጫማውን ሳያወልቅ ምን አሉሽ ይላል፣ እጁን ለደብተሯ ይዘረጋል። ምሳውን ይብላ፣ ቀስ ብዬ እነግረዋለሁ ብዬ ነበር። አይሆንም። ከወረቀት ላይ አያነበውም። ገና ሳይቀመጥ እነግረዋለሁ። ቢሄድም ይሂድ፣ ክኒኔን እውጣለሁ።

ጥሎኝ ከሄደው ሰውዬ አልጀምርም። ሴት ልጅ ነበረችኝ ብዬ እጀምራለሁ።