ለኢንጂነሩ ክብር የደፈንነው ጉድጓድ

ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ፣ ለእታለም፤

እንደምን ከርመሻል? ወገብሽ እንዴት ነው? ያ ደረጃ ቀነሰልሽ ወይስ አሁንም ከነዘንቢልሽ አራተኛ ፎቅ ድረስ ትወጪያለሽ? ባለቤትሽ የደም ግፊት ኪኒኑን በሰዓቱ ይውጣል ወይስ እንደ ድሮው «ዛሬ ደህና ነኝ» እያለ ለነገ ያቆየዋል? ትልቋ ልጅሽ መነጽሯን ለመደችው? ትንሹስ የፊት ጥርሱ በቀለለት? እኛ ፈጣሪ ይመስገን፣ ከነጉዳችን ደህና ነን። ከአንቺ ናፍቆትና አልለቅም ካለው የባለቤቴ ጉንፋን በቀር የሚነገር ሕመም የለንም። የእማዬ ነገር ግን ለብቻው ቦታ ስለሚያስፈልገው ቀጥሎ አመጣዋለሁ።

ባለፈው በስልክ «እማዬ ሕክምናዋን ለምን አቋረጠች?» ብለሽ ስትጠይቂኝ መስመሩ አይሰማም ብዬ ዘጋሁብሽ። መስመሩ ይሰማ ነበር። ደህና ያልነበረው መንገዱ ነው፤ ከመንገዱም ይልቅ እኔ ነኝ። ነገሩ በስልክ ተነግሮ የሚያልቅ ስላልሆነ ይኸው የስፌት መኪናዬን አቁሜ፣ ቁጭ ብዬ ልጻፍልሽ።

ዳሌዋ በቀዶ ሕክምና ከተሠራ በኋላ ሐኪሙ ለሦስት ወር፣ በሳምንት ሁለት ቀን ክሊኒክ እየሄደች እግሯን እንድታሠራ አዟል። «ይህ ሦስት ወር ካመለጠ እግሩ እንደደረቀ ይቀራል፤ በኋላ ብትመጡ እኔም የማደርገው የለኝም» ብሎ ቁርጡን ነግሮናል። መጀመሪያ የክሊኒኩ ሚኒባስ በራችን ድረስ እየመጣ ይወስዳት ነበር። አንድ ቀን ሰፈራችን መሐል ያለው ጉድጓድ ውስጥ ገባና ባሌስትራው ተሰበረ። ሹፌሩ ወረደ፤ ጉድጓዱን አየ፣ እኛን አየ፤ ከዚያ «ከእንግዲህ ከዋናው መንገድ አላልፍም። ይህን መኪና የሰጡኝ በሽተኛ እንዳመላልስበት እንጂ እንድቀብረው አይደለም» አለ። ከበራችን እስከ ዋናው መንገድ ሦስት መቶ አርባ እርምጃ ነው፤ ቆጥሬዋለሁ። እማዬን ወንበር ላይ አስቀምጠን፣ እኔ በአንድ በኩል፣ ጎረቤታችን ጎሚስታው በሌላው በኩል ተሸክመን እናደርሳት ጀመር።

መሸከሙ ለእኛ ምንም አይደለም፤ ለእሷ ግን ሞት ሆነባት። የምታውቃት ሴት ሁሉ በየበሩ ወጥታ «እግዜር ይማርሽ» ትላታለች፤ እሷም ከወንበሩ ላይ ሆና እንደ ሹመኛ እጇን እያነሳች ትመልሳለች። ቤት ስንገባ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። በሦስተኛው ሳምንት «እኔ ቁም ሳጥን አይደለሁም፤ ከዚህ በኋላ ማንም አያነሳኝም» ብላ እምቢ አለች። አንድ ቀጠሮ አለፈ። ሁለተኛውም አለፈ። ስለዚህ እታለም፣ ስለ ጉድጓድ ሳወራልሽ ስለ እናታችን እግር እያወራሁ መሆኑን ያዢልኝ።

ጉድጓዱ አንቺ ስትሄጂ ስንጥቅ ነበር፤ አሁን አድጎ ራሱን ችሏል። እንደ ሙያዬ በሜትሬ ለክቼዋለሁ። ጥልቀቱ አሥራ ዘጠኝ ሳንቲ ሜትር ነው፤ ወርዱ ደግሞ ደልደል ላለ ሰው ካፖርት ከነገበሩ ያስቆርጣል። ሰፈሩ እንደ ነባር ነዋሪ ነው የሚቆጥረው። ቤት ለጠፋበት ሰው «ከጉድጓዱ ወደ ግራ» እንላለን፤ ያልገባው የለም፣ ያልገባበትም የለም።

በዚህ መሐል የከተማው መንገድ ጽሕፈት ቤት «የመንገድ እድሳትን በተመለከተ የነዋሪዎች አስተያየት መሰብሰቢያ» የሚል ቅጽ ላከልን። አስተያየታችን ይፈለጋል መባሉ ብቻ ሰፈሩን ሦስት ቀን አኮራው። ጡረታ የወጡት የትምህርት ቤት ኃላፊ፣ ዛሬም «ዲሬክተሩ» የምንላቸው ጎረቤታችን፣ ሰብሳቢ ሆኑ። እኔ የእጅ ጽሑፉ ያምራል ተብዬ ጸሐፊ ሆንኩ። መጻፌን እንጂ ማንበቤን የጠየቀ አልነበረም።

ስብሰባው በጎሚስታው ግቢ፣ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጠን ነበር። የልብስ ንጽሕና ቤቱ ባለቤት «አስፋልት ሲሆን መኪናው ይበራል፤ ጉድጓዱ ቢያንስ ሹፌሩን አደብ ያስገዛል» አለች። ፎቁን የሚያከራየው ሰውዬ «ይታደስ፣ ግን በእኔ በር በኩል አይጀመር፤ አቧራ ነው» አለ። ዳቦ ጋጋሪው «ዛሬ ያነጥፉታል፤ በወሩ የውሃ መሥሪያ ቤት መጥቶ ቧንቧ ረስቼ ነበር ብሎ ይቆፍረዋል። ቧንቧው ይቅደም» ሲል ጭብጨባ ሆነ፤ ሁላችንም የተስማማንበት ነጥብ እሱ ብቻ ነው። ዲሬክተሩ ጎሚስታውን «አንተስ ምን ትላለህ?» ቢሉት «እኔን ባትጠይቁኝ ይሻላል። ጎማ የሚያመጣልኝ ጉድጓዱ ነው። ወንበሩን የምሸከመውም እኔ ነኝ። አፌ ይቆይ ይላል፣ ትከሻዬ ይታደስ ይላል» አለ። በቃለ ጉባኤው ላይ «በትከሻው ደግፏል» ብዬ አሰፈርኩ።

የቅጹ ፊት «ሐሙስ ጠዋት ኢንጂነር መጥቶ መንገዱን ይመለከታል» ይላል። እኔም ሁሉም ይየው ብዬ እንደ ልብስ ንድፍ በስፒል ግድግዳዬ ላይ ሰካሁት። ወረቀት ጀርባ እንዳለው ረሳሁ። ዲሬክተሩ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡና ከልባቸው ተጨነቁ። «ሰው ሊመጣ ነው። ሰፈራችን በዚህ ሁኔታ ይታያል ወይ?» አሉ። መቼም የእኛን ሰው ታውቂዋለሽ፤ እንግዳ ይመጣል ከተባለ ሳይጠርግ አይውልም። ረቡዕ ከሰዓት ሰፈሩ መጥረጊያና አካፋ ይዞ ወጣ። አከራዩ የግንብ ፍርስራሽ አመጣ፣ ዳቦ ጋጋሪው የምድጃ አመድ ገለበጠ፣ የንጽሕና ቤቷ ባለቤት ውሃ ረጨች፤ ጎሚስታው የጭነት መኪና ጎማ እያነሳ እየጣለ ጠቀጠቀው። እኔ ጠርዙን አስተካከልኩ፤ ስፌቱ እንዳይታይ። እማዬ በመስኮት ስታየን ቆይታ «ሐኪም ሲመጣ በሽተኛውን አልጋ ሥር ደብቃችሁ አልጋውን ታነጥፋላችሁ?» አለች። የትልቅ ሰው ጨዋታ ነው ብለን ሳቅን።

ሐሙስ ኢንጂነሩ መጣ። ቀጭን፣ ትሑት፣ ጫማው የሚያበራ ሰው ነው። የመለኪያ ብረቱን አቆመና «ሦስት ሳንቲ ሜትር» ብሎ ጻፈ። አጠገቡ ቆሜ አጮልቄ ሳነብ «መጠነኛ ሻካራነት ይታያል፤ ለእግረኛም ለተሽከርካሪም ምቹ ነው» ይላል። ስለ ጽዳታችን አመሰገነን። ዲሬክተሩ የአጸፋ ንግግር አደረጉ። አጨበጨብን፤ ከሁሉ አጥብቄ ያጨበጨብኩት እኔ ነኝ።

ከሰዓት ቅጹን ከቃለ ጉባኤው ጋር ላስቀምጥ ብዬ ከግድግዳው ነቀልኩት። ጀርባው ላይ «ጥልቀቱ ከስምንት ሳንቲ ሜትር በታች የሆነ ጉድጓድ በዘንድሮው እድሳት አይካተትም፤ ቀጣዩ ዙር ከሦስት ዓመት በኋላ ነው» ይላል። እታለም፣ ወረቀቱን እንደያዝኩ ገብቼ ለእማዬ «ያላነበብኩት እኔ ነኝ» አልኳት። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። «ሦስት ዓመት» አለች፤ ጉልበቷን በመዳፏ አሸት አሸት አደረገችና «ይሁና፤ መስኮቱም ጥሩ ነው» አለች። አንቺ የደወልሽው ያን ጊዜ ነው።

በማግስቱ ጽሕፈት ቤቱ ሄድኩ። አሥራ ሁለት ቤተሰብ የፈረመበት ማመልከቻ ካመጣችሁ ድጋሚ ይለካል ተባልኩ። ፈራሚ ማግኘቱ ከበደ፤ «እኛው ደፍነን እኛው ተቸገርን ብለን እንፈርም?» ያላለኝ የለም። ዲሬክተሩ «ነዋሪው በእንግዳ ተቀባይነት ስሜት ተገፋፍቶ መንገዱን ከአቅሙ በላይ ስላሳመረው» ብለው ካረቀቁት በኋላ ግን ሁሉም እንደ ሽልማት ተሽቀዳድሞ ፈረመ። ቀጥሎ ጉድጓዱን ማውጣት ነው። አከራዩ «ከቆፈርን አይቀር ሠላሳ እናድርሰው፤ ይታዘንልናል» አለ፤ ሐሳቡ ደጋፊ አላጣም። እማዬ ከመስኮቱ «የነበረውን ያህል። አንድ ጣት የጨመረ ሰው ቤቴ አይግባ። በእኔ እግር ስም ውሸት አልፈልግም» አለች። እኔ በሜትሬ እየለካሁ፣ ጎሚስታው እያወጣ፣ አሥራ ዘጠኝ ላይ አቆምን።

ኢንጂነሩ ማክሰኞ መጣ፤ የሕክምናው ቀን ነው። እማዬ ከጠዋት ጀምራ ለብሳ «ጉድጓዱ አጠገብ አስቀምጡኝ» ብላን ነበር፤ በአፏ ስላዘዘች ያን ቀን መሸከሙን አልቆጠረችውም። ሰውዬው ለካና አሥራ ዘጠኝ አገኘ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የአካፋውን ፋና በጣቱ ነካ ነካ አደረገና «ይህ ትኩስ ቁፋሮ ነው» አለ። ዲሬክተሩ «በእንግዳ ተቀባይነት ስሜት...» ብለው ሲጀምሩ አቋረጥኳቸውና ከስፒሉ እስከ አመዱ ያለውን ሁሉ ነገርኩት። «አምንሃለሁ» አለኝ፤ «ግን የምጽፈው ያመንኩትን ሳይሆን የለካሁትን ነው። ባለፈው ሦስት፣ ዛሬ አሥራ ዘጠኝ። የመንገዱ የትኛው ነው?» ሜትሬን አውጥቼ ድሮም አሥራ ዘጠኝ ነበር ስለው «በልብስ ሰፊ ሜትር የተለካ መንገድ አንቀበልም» አለ። እውነቱን ነው፤ እኔም በመንገድ ብረት የተለካ ሱሪ አልቀበልም።

ወረቀቱን ሊያጥፍ ሲል የሚኒባሱ ጡሩምባ ከዋናው መንገድ ተሰማ። እማዬ «ልጄ፣ ለእግረኛም ለተሽከርካሪም ምቹ ነው ብለህ የጻፍከው አንተ ነህ?» አለችው። «አዎ፣ እናቴ» አላት። «እኔ በእግሬ አልሄድም፣ መኪናውም አይደርስልኝም፤ ያለኝ ተሸካሚ ነው። በል ያዝ» አለችው። ጎሚስታው ቦታውን እንደዚያ በደስታ ሲለቅ አይቼው አላውቅም። ኢንጂነሩ ብረቱን ግድግዳ ላይ አስደገፈ፣ እጅጌውን ሰበሰበ፣ ያዘ። አራት ጊዜ አሳረፈን። በየማረፊያው እማዬ ትጠይቀዋለች፤ እናትህ አለች ወይ፣ ትሄዳለች ወይ፣ ማን ያግዛታል። እሱ እያለከለከ አለች፣ ትሄዳለች፣ እህቴ ታግዛታለች ይላል። ስንደርስ ያ ጫማ አያበራም።

ሹፌሩ ማንነቱን ሲሰማ «ባሌስትራዬን የሰበርከው አንተ ነህ?» አለው። ከዚያ የጋራዡን ወረቀት ከፊት መሳቢያው አውጥቶ ሰጠው፤ የተሰበረበት ቀንና ምክንያት ተጽፎበታል፤ ኢንጂነሩ መጀመሪያ ከመምጣቱ ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። ኢንጂነሩ ሁለት ጊዜ አነበበው። «ሦስት ሳንቲ ሜትር ባሌስትራ አይሰብርም» አለና የራሱን ወረቀት በሚኒባሱ ግንባር ላይ ዘርግቶ፣ የባለፈውን ሦስት ሰርዞ፣ ወንበሩ ባደከመው እጁ አሥራ ዘጠኝ ጻፈ። ጽሑፉ አያምርም፤ የመንግሥት ጽሑፍ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

መንገዱ ዘንድሮ ከሚሠሩት ውስጥ ገባ። እማዬም «የሚያልቅበት ቀን ካለው እችለዋለሁ» ስላለች አምስት ሳምንት ያለ ኩርፊያ ተሸከምናት፤ ሐኪሙ ያመለጡትን ሁለት ቀጠሮዎች መጨረሻ ላይ ጨመረላት። ያለፈው ሳምንት አስፋልቱ ተነጠፈ። የነዋሪው አስተያየት ግን አላለቀም። የንጽሕና ቤቷ ባለቤት የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ እንዲሠራ ቅጽ ጠይቃለች፤ አከራዩ አቧራው ፎቁን አበላሸው ይላል፤ ዓርብ ዕለት ሁለት የውሃ መሥሪያ ቤት ሰዎች መጥተው አስፋልቱን ትክ ብለው ሲያዩት ዳቦ ጋጋሪው ሊጡን ጥሎ ወጣና እስኪሄዱ ድረስ መሐላቸው ቆመ።

ትናንት ሚኒባሱ በራችን መጣ። ከደጃፋችን እስከ መኪናው በር አሥራ አንድ እርምጃ ነው። እኔ ወንበሩን ይዤ ወጣሁ፤ ጎሚስታውም ከልማድ የተነሳ እጅጌውን ሰብስቦ መጣ። እማዬ «መልሱት» አለች። ባለ አራት እግር መደገፊያዋን ይዛ ተነሳች። ሰባተኛው ላይ ቆመች። ሁለታችንም እጃችንን ዘረጋን፤ ዞር ብላ አየችን፤ እጃችንን ሰበሰብን። ሹፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ጠበቀ። አሥራ አንዱን ጨርሳ ገባች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ ከዚያ መስኮቱን ከፍታ እኔን፣ አስፋልቱ ላይ ወንበር አቅፌ የቆምኩትን፣ «ምን ትጠብቃለህ? ግባ እንጂ፤ ወይስ ተሸክሜ ላስገባህ?» አለችኝ።

እማዬ ግንባርሽን ስማሻለች፤ ባለቤትሽን ኪኒኑን እንዲውጥ በእኔ ስም እዘዢው ብላለች። ባለቤቴ ከነጉንፋኗ በሩቁ ሰላም ትልሻለች። ሁለቱ ልጆቼ ለልጆችሽ በአስፋልቱ ላይ በጠመኔ ስማቸውን ጽፈውላቸዋል፤ አክስታቸውንም በጣም ይናፍቃሉ። ጎሚስታው ትከሻው እንደዳነ ንገርልኝ ብሎኛል። ስልኩን ስለዘጋሁብሽ ይቅር በይኝ።

የሚያከብርሽ ታናሽ ወንድምሽ

ከስፌት ክፍሌ፣ ከእማዬ መስኮት አጠገብ
ረቡዕ፣ ግንቦት 20 ቀን