የአባባ የቁም ተዝካር

ይድረስ ድሬዳዋ ለሚገኘው ወንድምዓለም ስመኘው። ጤናህ እንደምን ነው? ያ ሙቀት እንደምን ይዞሃል? ወገብህስ ሻል አለህ ወይስ አሁንም ሲሚንቶ ትሸከማለህ? ዮርዳኖስና ሕፃኑ እንደምን አሉልኝ? እኛ ሥላሴ ይመስገኑ ሁላችንም በሕይወት አለን። ይህን ያልኩህ ለወጉ አይደለም። አባባ ሞቱ የሚል ወሬ ካገር ሰው ሰምተህ ይሆናል፤ ቆመው ይሄዳሉ፣ አትደንግጥ። እኔ የደነገጥኩት ለሁለታችንም ይበቃል። በስልክ ያልነገርኩህ፣ የቤቱ ስልክ ከአባባ ኪስ ስለማይወጣና የኔ አየር ሰዓት ለዚህ ሁሉ ጉድ ስለማይበቃ ነው።

ነገሩ የጀመረው ከጎረቤታችን ከአያ ገነነ ተዝካር ነው። ልጆቹ ከቡሬ ድንኳን አስመጥተው፣ ቢራ በሳጥን ደርድረው፣ የአባታቸው ፎቶ የታተመበት ካናቴራ ለብሰው በድምፅ ማጉያ እያስጠሩ አበሉ። ዛሬ በረታቸው ባዶ ነው። ትልቁ ልጅ የሰው በሬ እየለመነ ያርሳል። አባባ ግን ያዩት ድንኳኑን ብቻ ነው። በሬ ሆይ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ ይሏል እንዲህ ነው።

ከፋሲካ በኋላ ደውለው፣ የልጆቼን እጅ ከምጠብቅ በቁሜ ተዝካሬን አወጣለሁ፣ ከገነነ ማነስ የለብኝም አሉኝ። ተዝካርን በቁም ማውጣት ድሮም ያለ ነው፤ ግን የድሮ ሰው ያለውን ነበር የሚያበላ። የኛ አባት የወንዙን ዳር መሬት ለአንድ ነጋዴ ለአምስት ዓመት ሊያከራዩ፣ የጎደለውን ደግሞ አንተ ከአሠሪህ ተበድረህ ልትልክላቸው ነው። ስመኘው እሺ ብሎኛል ሲሉኝ ጆሮዬን ተጠራጠርኩት። በቆሎ የሚሰጠን እኮ ያ መሬት ብቻ ነው፤ የቀረው ድንጋይ መሆኑን አንተም አርሰህ ታውቀዋለህ። አንተ ሰው፣ ምን ነክቶህ ነው?

እማዬ ባሌ ሳይሞት ለተዝካሩ ጠላ አልጠነስስም ብላ እጇን አጣጠፈች። አባባም እንግዲያው ቢራ በዱቤ ይመጣል ብለው ሰኞ ድንኳን ሊያዙ ቡሬ ወረዱ።

እኔም የዚያኑ ቀን ላስታርቃቸው ከፍኖተ ሰላም ተነሣሁ። ቡሬ መናኸሪያ ስወርድ አንዲት የሰፈራችን ሴት አግኝታኝ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። እናትሽ ጥቁር ለብሳ ሐዘን ተቀምጣለች አለችኝ። ከዚያ ወዲያ መንገዱን እንዴት እንደጨረስኩት አላውቅም። ነጠላዬን አዘቅዝቄ አባቴን እየጠራሁ ደረስኩ። ግቢው በሰው ሞልቷል። እማዬ መሬት ላይ ተቀምጣ ታነባለች፤ ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም። እግሯ ሥር ተደፍቼ ስጮህ፣ አባባ ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው በአጥሩ በር ገቡ።

ጎረቤታችን እትዬ ታንጉት በስመ አብ ብላ ከመደቡ ወደቀች። አባባ ራሳቸው ክው ብለው ማን ሞተብን ብለው ጠየቁ። እማዬም ቀና ሳትል እርስዎ ነዎት አለቻቸው። ተዝካር የሚወጣው ለሞተ ሰው ነው፤ መሬቱ ከሄደ በኋላ በረሃብ ሳለቅስ የሚደርስልኝ ስለሌለ ዛሬ ሰው ሳለልኝ ላልቅስ አለች። ለካ ሞቱ ብላ ለማንም አልተናገረችም። ጥቁር ለብሳ ደጅ ተቀመጠች፣ የቀረውን ሰፈሩ ጨረሰው።

አባባ ጉድ ሠራሽኝ ብለው ገነፈሉ። ሰዉም እግዜር ያጥናችሁ አይል ነገር፣ እንኳን ደስ አላችሁ አይል ነገር፣ አንድ በአንድ ሹልክ አለ። ያመጣው እዝን ግን ቀረ፤ ማታ እራታችን እሱ ሆነ። አባታችን የራሳቸውን እዝን ሲበሉ አየሁ፣ ወንድሜ። ከመጣው ሌማት ሁሉ መሐል አንዱ ላይ ያለው አንድ ሳህን ንፍሮ ብቻ ነበር። ይህን የመሰለ ከማን ቤት ነው ብለው ጠየቁ። ከአያ ገነነ ቤት ነው፣ እንጀራ ስለሌለን ይቅር በሉን ብለዋል አለቻቸው ታናሿ እህታችን ምሥራቅ። አባባ ሳህኑን መልሰው አስቀመጡት። ሌላ አልጎረሱም።

ጠዋት ስነሣ በረቱ ውስጥ በሬ የለም። ሸጧቸው ብዬ ወደ ደጅ ሮጥኩ። ምሥራቅ ናት ወደ ወንዙ ያመለከተችኝ። አባባ ያንን ሊያከራዩት የነበረውን መሬት እያረሱ ነበር።

ለዮርዳኖስ ብዙ ሰላም በልልኝ፤ ሕፃኑን ሳምልኝ። ባለቤቴ መልካሙ ሰላም ብሎሃል። ምሥራቅ ጉልበትህን ትስማለች። እትዬ ታንጉት ወገቧን እያሸች ደህና ሁን ብላሃለች። አባባ ምንም አትላክ በይው ብለው ፊታቸውን አዙረዋል። እማዬ ግን የማደርስልህ ሰላምታ አልሰጠችኝም። አባባ ሐሳባቸውን ከተዉ ጥቁሩን አውልቂ እንጂ ብላት፣ አሁን የተቀመጥኩት ለልጄ ነው፤ አልተበደረም ወይም መልሷል የሚል ቃል ከአፉ እስክሰማ አላወልቀውም አለችኝ።

እህትህ ያምሮት እንዳለው
ቡሬ ዙሪያ፣ ከአባባ ቤት
ግንቦት ፲፪ ቀን ፳፻፲፬ ዓ.ም.