ወንበሮቹን የሰፉት እናታችን

እናታችን ከቆዳ ሰፊ አባታቸውና ከልብስ አጣቢ እናታቸው በ1941 ዓ.ም. ተወለዱ። የተወለዱባት ክፍል ከአባታቸው ሱቅ ጀርባ ነበረች፤ ቤቱ ሁልጊዜ ቆዳና ማስቲሽ ይሸት ነበር። እስከ ስምንተኛ ክፍል ከተማሩ በኋላ የአባታቸው ዓይን ስለደከመ ደብተሩን ትተው መርፌውን ተረከቡ። ቦርሳ፣ ቀበቶ፣ የሶፋ ልብስ ሰፍተዋል። እጃቸው የተባረከ ነበር።

በ1963 ዓ.ም. የአንድ አስመጪ ድርጅት ሒሳብ ሹም የነበሩትን አባታችንን አገቡ። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት መልካም ነበሩ፤ በሙት ፊት አንዋሽም። ወንድማችንና ታላቅ እህታችን ተወለዱ።

በ1970 ዓ.ም. መኪናዋ መጣች። ጥቁር፣ ረጅም፣ አላፊ አግዳሚው ቆሞ የሚያያት ነበረች። የመጀመሪያ ባለቤቷ የጨርቅ ፋብሪካ ያላቸው ባለጸጋ ነበሩ፤ ፋብሪካው ሲዘጋ ለጠበቃቸው ሰጧት፤ ጠበቃው ለአባታችን ሸጡላቸው። ሞተሯ ደህና ቢሆንም ወንበሮቿን አይጥ በልቷቸው ነበር። እናታችን ከአባታቸው የወረሱትን ምርጥ ቆዳ አውጥተው፣ ክረምቱን ሙሉ ጋራዡ ውስጥ ተንበርክከው በእጃቸው ሰፏቸው። እንግዳ መጥቶ ሲያደንቅ አባታችን «ከውጭ ያስመጣሁት ነው» ይሉ ነበር። እናታችን እየሰሙ ለእንግዳው ቡና ይቀዱ ነበር።

አባታችን ለመኪናዋ የነበራቸው ስስት ለሰው አልነበራቸውም። ዝናብ ካለ አትወጣም፤ አቧራ ካለ አትወጣም። እኛ ታመን በእግራችን ሐኪም ቤት ስንሄድ እሷ ብርድ ልብስ ተደርቦላት ትተኛለች።

በ1974 ዓ.ም. እናታችን ሦስተኛ ልጃቸውን አርግዘው ሳለ ምጡ ያለ ጊዜው መጣባቸው። ጎረቤታችን ነርሷ «ምን ይጠብቃሉ? ቶሎ ሐኪም ቤት ያድርሷት!» ብለው ጮኹ። አባታችን ቁልፉን እንደያዙ «ወንበሩ ይበላሻል፤ ታክሲ ልጥራ» አሉ። ታክሲው እስኪገኝ ረፈደ። ሕፃኗ ሞታ ተወለደች።

ከዚያ ወዲያ እናታችን ጋራዡን ረግጠው አያውቁም። ይህን የጻፈችው የመጨረሻ ልጃቸው ከተወለደች በኋላ ስንት ልጅ ወለዳችሁ ሲባል አባታችን «ሦስት» ይላሉ፤ እናታችን «አራት» ብለው ያርሟቸዋል። ቤት ውስጥ ቦርሳ እየሰፉ ሦስታችንንም ለቁም ነገር አበቁን።

አባታችን በ1999 ዓ.ም. ሲያርፉ መኪናዋን ለወንድማችን ተናዘዙ። ከዓመታት በኋላ ስኳር የእናታችንን ኩላሊት ሲጎዳው፣ ወንድማችን መኪናዋን ደጃፍ ላይ አቁሞ «እማዬ፣ ነይ ሐኪም ቤት ላድርስሽ» አላቸው። «ተወው ልጄ፣ ሊያስመልሰኝ ይችላል፤ ወንበሩ ይበላሽብሃል» አሉት። አሽሙር እንኳ አልነበረበትም። ወንድማችን በዚያው ሳምንት ሸጣት።

ዛሬ መኪናዋ እንደ አዲስ ተወልውላ በአንድ ትልቅ ሆቴል መግቢያ አዳራሽ ቆማለች። አጠገቧ ባለው ሰሌዳ ላይ የባለቤቶቿ ታሪክ ተጽፏል፦ ባለ ፋብሪካው፣ ጠበቃው፣ አባታችን፣ ወንድማችን። ስለ ወንበሮቹ ደግሞ «ከነፋብሪካ ስፌታቸው» ይላል። አምና እናታችን ሊያዩዋት ሄዱ። እጃቸውን በመስኮቱ አስገብተው ስፌቱን ሲዳብሱ ጥበቃው «እማማ፣ አይነካም» አላቸው። «አውቃለሁ ልጄ፤ ድሮም አይነካም» ብለው ወጡ። ሰሌዳው እንዲታረም ሆቴሉን ለምነናል፤ የሰማን የለም። ስለዚህ እዚህ ጽፈነዋል፤ ወንበሮቹን የሰፉት እናታችን ናቸው።

እናታችን በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ግንቦት 12 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በ75 ዓመታቸው ዐረፉ። ሦስት ልጆችና አምስት የልጅ ልጆች ትተዋል። አባታችንን ይቅር ብለዋቸው እንደሆነ በመጨረሻው ሰሞን ጠይቀናቸው ነበር፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እኛም ደግመን አልጠየቅናቸውም።

ፈጣሪ የደከመች ነፍሳቸውን ያሳርፍልን፤ ስም ሳይወጣላት የቀረችውን ልጃቸውንም ያሳቅፍልን።