የጉልበት ቅባቱ ዋስ

ለልጄ ለሐጂራ እንድሪስ፣ ድሬዳዋ።

ሰባ ሁለት ዓመት የሞላኝ አባትሽ፣ ዘንድሮም ረመዳንን ሳልገድፍ የጾምሁ፣ ማሽላዬን ከግሪሳ ወፍ በገዛ ወንጭፌ የጠበቅሁ፣ ውኃዬን ከወንዝ ራሴ የምቀዳ፣ ወጤንም ሳላሳርር የምሠራ፣ ይህንንም ወረቀት ማንንም ሳልለምን በገዛ እጄ የምጽፍ፣ ከይፋት ቆላ እስከ ድሬዳዋ ባለው አሸዋ ልክ ሰላም እልሻለሁ። እንዴት ሰነበትሽ? ያ ራስ ምታት ለቀቀሽ ወይ? ባልሽ ኢብራሂም ሥራው ቀንቶታል? አማትሽ እትዬ ራቢዓስ ሳሉ ተዋቸው? ፈሪሃ የወለቁት ጥርሶቿ በቀሉላት? እኔ አልሐምዱሊላሂ፣ ደህና ነኝ። ፊደሉ ቢንጋደድብሽ እጄ ደክሞ አይደለም፤ ድሮም ቀጥ ብሎ አያውቅም።

የላክሽልኝ የጉልበት ቅባት በጨርቅ ነጋዴው እጅ ደርሶኛል። ቃልሽንም አንብቤዋለሁ። ይህን ተቀብተው ካልተሻለዎ ከአረፋ በፊት ኢብራሂም መጥቶ ይወስድዎታል፤ ቤቱን ይዝጉት ብለሻል። ቤት መዝጋት ለተናጋሪው ቀላል ነው። ለማንኛውም ነገሩ ሁሉ በዚህ ቆርቆሮ ላይ ወደቀ ማለት ነው ብዬ በደንብ አገላብጬ አየሁት።

ቆርቆሮው ላይ በተለጠፈው ፎቶግራፍ ጃንጥላ ይዞ የቆመውን ሰው ሳይ ክው አልሁ። አብዱልመጂድ ነው፤ የማጀቴው እግረኛ። ጡሊያን ሳይመጣ የባላባቶቹን መልእክት እያደረሰ በቅሎ የሚቀድመው፣ አንቺም ልጅ ሳለሽ በሠርግ «አብዱልመጂድ ሄደ ጤዛው ሳይረግፍ፤ እኛ ስናዛጋ ጣርማ በርን ሲያልፍ» እያልሽ ያጨበጨብሽለት። አንቺም «የአገሬ ሰው ከመሰከረለትማ ብዬ ገዛሁት፣ ለሰፈሩ ሴቶችም ነገርኋቸው፣ እነሱም ገዙ» ብለሻል። እኔም በአንቺ ቦታ ብሆን እገዛው ነበር።

ከዚያ ከፈትሁት። ልጄ፣ ሽታው ካፉር ነው። እናትሽ ታጥባ ከፈኗ ላይ የተረጨው ካፉር። ከደንሁትና ትንሽ ተቀመጥሁ። ጎረቤታችን ሩቂያ፣ ምላሷን ታውቂያታለሽ፣ መጥታ አሸተተችና «አንቱ ሽማግሌ፣ ልጅዎ ያሰበችው ለጉልበትዎ ነው ወይስ ለጀናዛዎ?» ብላ ሳቀችብኝ። አንቺን አልቀየምሁም። እንደታሸገ የገዛሽውን ከየት ታውቂዋለሽ?

ግን አንድ ነገር ከሐሳቤ አልወጣ አለ። አብዱልመጂድም እንደኛው እስላም ነው። ይህን ተቀብቶ መስጊድ ሲገባ ከጎኑ የቆመው ሰው ምን ይላል? ሚስቱስ ዝም ትላለች? ወይስ ሽታውን የሚያጠፋበት እኔ የማላውቀው ብልሃት አለው? አንቺ ታውቂኛለሽ፤ አንድ ነገር ካልገባኝ እህል አይወርድልኝም።

ደግሞም በእኛ አገር ሰው ፊቱን ለአንድ ነገር ከሰጠ ዋስ ሆነ ማለት ነው። በሬ እንኳ ሲሸጥ ዋሱ ሲያርስ አይቼዋለሁ ይላል። በሬው ትልም ላይ ቢተኛ የሚጠራው እሱ ነው። ቅባቱን የሸጠውን ፈረንጅ አላውቀው፤ ዋሱን ግን አውቀዋለሁ። ስለዚህ ማጀቴ ሄጄ ዋሴን ልጠራ ተነሣሁ። ሩቂያ «የጉልበት መድኃኒት እውነት መሆኑን ለመጠየቅ በታመመ ጉልበት ማጀቴ ድረስ?» አለችኝ። አዎ አልኋት። ማሽላውን እስክመለስ ልጆቿ ማማዬ ላይ ወጥተው ሊጠብቁልኝ ተስማማን።

ጉልበቴን አላመመኝም አልልሽም፤ ዳገቱ ላይ ደጋግሜ ተቀምጫለሁ። በአዲሱ መንገድ የሚሄድ የካሚዮን ነጂ አዝኖልኝ ቆሞ ነበር፤ አልወጣሁም። ዋስ ሊጠራ የሚሄድ ሰው እንደ ጆንያ ተጭኖ አይደርስም። እያዘገምሁ አጣዬ ደርሼ ከአንድ ደግ ሰው ቤት አደርሁ። ካራቆሬ መግቢያ ላይ ለጡሊያን ጠመንጃ የያዘ ያገራችን ጎረምሳ «አባባ፣ ወዴት ነው?» አለኝ። ዋስ ልጠራ ብዬ ቆርቆሮውን አሳየሁት። ፊቱ በራና «ይኼማ አብዱልመጂድ ነው፣ እኔም ለእናቴ ገዝቼላታለሁ» አለ። ተሻላት ወይ ብዬ ብጠይቀው «እንጃ፣ አንዴ አሽትታ ከጓሮ ወረወረችው» አለኝና አሳለፈኝ።

አብዱልመጂድን ከግቢው ሾላ ሥር፣ አንድ እግሩን ዘርግቶ አገኘሁት። ያ በቆርቆሮው ላይ ያለው ጃንጥላ አጠገቡ ተደግፏል። «ጋሼ እንድሪስ፣ ይቅር ይበሉኝ» ብሎ ሳይነሣ ሰላም አለኝ። ታላቁ ሲመጣ የማይነሣ ሰው አልነበረም። ውኃ አስመጣልኝ፣ ስለ ማሽላው፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ ተጠያየቅን። ከዚያ ቆርቆሮውን በመካከላችን አስቀመጥሁ። አብዱልመጂድ፣ የዚህ ነገር ዋስ ነህና እንደ ዋስ እጠይቅሃለሁ፤ የመሰከርኸው ያየኸውን ነው ወይስ የሰማኸውን አልሁት። «ያየሁትን እንጂ፣ በየማለዳው እቀባዋለሁ» አለ። ጥሩ፣ ሽታው ምን ይላል አልሁት። ወደ ቤቱ ተመለከተ፣ ወደ ሾላውም ተመለከተ፣ ከዚያ «ናና ናና ይላል» አለኝ።

ክዳኑን ከፍቼ ከአፍንጫው ሥር አቀረብሁለት። «ኢናሊላሂ» ብሎ ራሱን ወደ ኋላ መለሰ። በሐምሌ ወንድሙን ቀብሯል፤ እኔ አላወቅሁም ነበር። ባውቅ በዚያ መንገድ አልጠይቀውም ነበር።

ከዚያ ሁሉን ነገረኝ። ለካስ አንድ ነጋዴ ፈረንጅ ከአስተርጓሚ ጋር መጥቶ፣ ዝነኛው እግረኛ አንተ ነህ ወይ ብሎ፣ ጃንጥላውን ሰጥቶ፣ ቆርቆሮውን አስይዞ ፎቶግራፍ አንሥቶት ሄደ። ቆርቆሮው ባዶ ነበር አለኝ። ፎቶው የት እንደሚሄድ አልጠየቀም፤ ሰዉ ቆርቆሮ ይዞ ሲጎርፍበት ነው ያወቀው። የአፋር ግመል ነጂዎች መጡ፣ ከደጋ ሴቶች መጡ፣ ሁሉም እውነት ነው ወይ ይሉታል። «አልቀባሁም ብል ውሸታም ልባል ነው፤ ስለዚህ ቀቡት እላለሁ» አለ። ቁጣዬ ከአፌ ሳይወጣ ነጠላውን ገለጠና የተዘረጋውን እግሩን አሳየኝ። ጉልበቱ እንደ ዱባ አብጧል፤ ሌላውንም ያመኛል አለ። ገበያ የሚወርደው በበቅሎ ነው፤ ያውም ሰው ሳይነቃ። «ዘፈኑን ፈራሁት፣ ጋሼ» አለኝ። እየሳቀ ነው የተናገረው፤ ደስ የሚል ሳቅ ግን አልነበረም።

እኔ ደግሞ አንድ ነገር ታየኝ። በእኛ ወግ ለሌላ የሚያጠጣ መጀመሪያ በመዳፉ ተቀብሎ ይቀምሳል። እንግዲህ ዋስነትህን አላፈርስብህም፤ ቅመስ አልሁት። ቀኝ ጉልበቱን ብቻ ይቀባ፣ ግራውን ይተወው፤ ሁለቱንም ያመዋልና ልዩነቱን ራሱ ያየዋል። ከዚያ ለመጣው ሁሉ ያየውን ይናገር፣ ቢያድን ያድናል፣ ባያድን አያድንም ይበል። «ሽታውስ?» አለኝ። ሽታው የፈረንጁ ዕዳ ነው፣ አንተ ለሰዉ አስቀድመህ ንገር አልሁት። ሚስቱ አፍንጫዋን በነጠላዋ ይዛ ቀባችው። ጠዋት እንዴት አደረ ብዬ ብጠይቀው «ቀኙ ሞቀኝ» አለ፤ ቀጠለና «ግራውም ሞቆኛል፣ ጋቢው ወፍራም ነው» አለኝ። ሦስታችንም ሳቅን። ምስክርነቱ ገና ነው ማለት ነው። እኔ የመድኃኒት ጠላት አይደለሁም፤ አብዱልመጂድ ዳንሁ ካለኝ አፍንጫዬን ይዤ እቀባዋለሁ። እስከዚያ ግማሹን ቅባት ለእሱ ትቼለት የመጣሁት ቆርቆሮ ከመደርደሪያዬ ላይ ይቆያል።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ፣ ልጄ። አትቆጪ። አንቺም እኮ ለሰፈርሽ ሴቶች ዋስ ሆነሻል፤ ሳትከፍቺው፣ ጉልበትሽን ሳያምሽ። አብዱልመጂድ በፈረንጁ ተያዘ፣ አንቺ በአብዱልመጂድ ተያዝሽ፣ ሴቶቹ በአንቺ። ሂጂና ሽታው ካፉር ነው፣ መድኃኒትነቱንም ገና ማንም አላየው ብለሽ ንገሪያቸው። የተሻላት ካለች ግን ጽፈሽ ላኪልኝ፤ ማወቅ እፈልጋለሁ። የአብዱልመጂድን እብጠት ግን ለማንም አታውሪ። እሱን ራሱ ሲፈቅድ ይናገረው።

ኢብራሂምን ሰላም በይልኝ፤ ሊወስደኝ እንዳይነሣ፣ ብነሣም እኔ ነኝ የምመጣው በይው። እትዬ ራቢዓን እጅ ነሥቻለሁ በያቸው፤ ለሳላቸው ማር እልክላቸዋለሁ። ፈሪሃን ጉንጯን ሳሚልኝ። ሩቂያም ሰላም ብላሻለች፤ ስለ ሳቋ ይቅርታ አልጠየቀችም።

እዚህ ገና ያልከፈልኋቸው አሉብኝና አልነቃነቅም። ማማዬ ላይ ለዋሉት ለሩቂያ ልጆች የጥበቃ ውለታቸውን በአጨዳ ጊዜ በማጭዴ እመልሳለሁ። አጣዬ ላሳደረኝ ሰው አዲስ ማሽላ እወስዳለሁ። ለአብዱልመጂድ ወንድም ለቅሶ አልደረስሁም፤ ዳግም ማጀቴ ሄጄ እደርሳለሁ፣ በዚያውም ቀኝ ጉልበቱን አያለሁ። ለእናትሽ የተሳልሁላት የዱዓ ቀን አለ፤ ከአጨዳ በኋላ ነው። ለአንቺ ደግሞ አንድ አለብኝ፦ እግሬ እምቢ ያለኝ ቀን፣ ሌላ ሰው ሳይነግርሽ፣ ራሴ እጽፍልሻለሁ። ለዚህ ዋስ አልጠራም።

አባትሽ እንድሪስ
ሸዋ ሮቢት፣ ኅዳር 28 ቀን 1931 ዓ.ም.