ያላየኋት ግመል

ውድ እትዬ ሐሚዳ፣

ይህ ደብዳቤ ከአዱኛ ነው፤ አዎ፣ ከራሱ ከአዱኛ። በሰው ያስጻፍኩት እንዳይመስልዎት። የማታውን የጎልማሶች ትምህርት ጨርሻለሁ። መምህሩ ጽሕፈቴን አይተው ዝም አሉ፤ ሌሎቹ ተማሪዎች ስላስጠላቸው ነው ይላሉ፣ እኔ ግን በአድናቆት እንደሆነ አውቃለሁ።

እንዴት ነዎት? የጎንደር ብርድ እንዴት ይዞዎታል? ልጅዎ ሩፊዳስ ደህና ናት? እኛ መተማ ላይ ደህና ነን። ሙቀቱ ያው ነው። ሱቅዎ እንደተዘጋ ነው፤ በረንዳው ላይ ፍየሎች ይተኛሉ። አንቱ ከሄዱ ወዲህ በጣም ደፍረዋል።

አንቱ ሲሄዱ መኪና ተራ ድረስ ሸኝቼዎት ነበር። መንገዱን ሙሉ አንድ ነገር ልልዎት ሳስብ ቆይቼ፣ አፌን ስከፍት የወጣው “ጎንደር ሲደርሱ ቤተ መንግሥቱን ያስጠርጉልኝ፣ እመጣለሁ” የሚል ቀልድ ሆነ። አንቱም ስቀው ገቡ። ምላሴ ሁልጊዜ ትቀድመኛለች። ብዕር ግን ጭቃ ውስጥ እንደገባ ትራክተር ቀስ ይላልና፣ ዛሬ ሐሳቤ ሳይደርስባት አይቀርም።

የሬዲዮ ቡድኑን ያቋቋሙ ዕለት ያሉንን ያስታውሳሉ? “ባሕር ባለበት አገር እንደኛ ያሉ ተራ ሰዎች፣ ማንም ሳይከፍላቸው፣ አውሎ ነፋሱ ከባሕር ገና ሳይነሳ በሬዲዮ ማሳወቅን ይለማመዳሉ” አሉን። እኔም “እትዬ፣ እኛ ባሕር የለን፤ ምን ሊያሰጥመን ነው?” አልኩ። አንቱ በጣትዎ ወደ ኾሩ አመለከቱ። በጋውን ደረቅ አሸዋ የሚሆነው፣ ክረምት ደጋው ላይ ሲዘንብ ሳይታሰብ ሞልቶ የሚመጣው ያ ኾር! ከዚያ ወዲያ አልቀለድኩም። እሺ፣ ትንሽ ቀልጃለሁ።

ወረዳው ፈቅዶልን የመገናኛ ሬዲዮው ሲታደል፣ እኔ የሰሊጥ እርሻው ጥበቃ ስለሆንኩ ከላይ ኮረብታው ላይ ሆኜ ኾሩን እንዳይ ተመደብኩ። ሳጂድ በሚነዳው ትራክተር ላይ አንዱን አሰረ። ማዕከሉ አንቱ፣ ከሱቅዎ ባንኮኒ ጀርባ። በልምምድ ቀን መልእክቱ “ልምምድ” ብሎ ይጀምራል፣ “ልምምድ” ብሎ ያልቃል፤ በመካከሉ ያየነውን ብቻ እንናገራለን።

የእኔን ልምምድ ግን ማን ይረሳዋል!

“ልምምድ! ሀቡብ ተነስቷል! አቧራው ፀሐይዋን ውጧታል! አንዲት ግመል አንስቷል፤ በአየር ላይ እያመነዠከች ወደ ሱዳን እየሄደች ነው! ልምምድ!”

“አዱኛ፣ ግመሏን አይተሃታል?”

“አላየኋትም፣ እትዬ።”

“እንግዲያው አውርዳት።”

ሳጂድ ደግሞ በሬዲዮው እየሳቀ “ፓስፖርት ይዛለች ወይ?” አለ። ከዚያ ወዲህ፣ ከአንዲት ቀን በቀር፣ በየልምምዱ ግመል ሳላበር ቀርቼ አላውቅም፤ አንቱም ሳያስወርዱኝ።

ወደዚያች ቀን ልምጣ። ከሰዓት በኋላ ነው፣ የልምምድ ቀናችን፣ በእኛ ሰማይ ላይ ደመና የሚባል የለም። ሳጂድ የአረም ሠራተኞችን በተሳቢው ጭኖ ከገበያ ወደ እርሻው እየመለሰ ነበር፤ ባለቤቴ ውባንችም አብራ ተጭናለች። እኔ ከላይ የወፍጮ ዓይነት ድምፅ ሰማሁ። ዞር ስል ኾሩ ቀይ ውሃ ይዞ ግንድ እያንከባለለ ይመጣል። እጄ ሬዲዮውን ጨበጠ፤ አፌ ግን በለመደው ሄደ።

“ልምምድ። ውሃ መጣ። ቀይ ነው። ግንድ ይዟል። ትልቁን ግራር አልፏል። ልምምድ።”

“ልምምድ” ማለቴን እንኳ አላወቅሁም ነበር፣ እትዬ። ሳጂድ “እሺ ኮረብታ፣ ሰምቻለሁ፤ እኔ ኾሩን ልሻገር ነው” አለ። ያኔ ሬዲዮ መያዜን ረስቼ፣ ከኮረብታው ላይ በእጄ ቁም እያልኩ አውለበለብኩ። ይኼ ሁሉ ፉከራ የሚወጣበት ሬዲዮ! የአንቱ ድምፅ መጣ።

“አዱኛ፣ ግመሏስ?”

“ግመል የለም፣ እትዬ።”

“ሳጂድ፣ ቁም!”

“ልምምድ ብሏል እኮ፣ እትዬ። አሸዋውም ደረቅ ነው።”

“ቁም አልኩህ! ወላሂ፣ ይኼ ልጅ ግመል ሳያበር ቀርቶ አያውቅም! እውነቱን ነው! ወደ ኋላ መልሰው!”

የትራክተሩ የፊት ጎማ አሸዋውን ረግጦ ነበር። ሳጂድ ወደ ኋላ መለሰው። ውባንች እንደነገረችኝ፣ ሠራተኞቹ “ምን ሆነ ይኼ ሰውዬ? ፀሐይ ላይ ሊያደርቀን ነው?” እያሉ ሲጮኹበት፣ ውሃው ደርሶ መሻገሪያውን ከዳር እስከ ዳር ሞላው።

እትዬ፣ ሰው ሁሉ ይስቅልኝ ነበር፤ የሚያደምጠኝ አለ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። አንቱ ዕቃ እየመዘኑ፣ ደንበኛ እያስተናገዱ፣ ያን ሁሉ ቀልዴን ሲያደምጡ ኖረዋል፤ ቀልዱ ሲጠፋ ምን ማለት እንደሆነ እስኪያውቁ ድረስ። መኪና ተራ ላይ ልልዎት የፈለግሁት ይኼን ነበር።

አሁን ማዕከሉን እኔ ይዤዋለሁ፤ ከአንቱ እሻላለሁ የሚሉ አሉ፣ ማን እንደሆኑ ግን አይጠይቁኝ። አዳዲሶቹ አባላት ስለ ሰማዩ ነግረውኝ ሲጨርሱ “ግመሏስ?” እላቸዋለሁ። ደንብ ሆኗል። “ግመል የለም” የተባለ ጊዜ ሁሉም ባለበት ይቆማል።

ውባንች አሁን ከአጠገቤ ሆና “ስሜን አስገብተሃል?” ትለኛለች። “አስገብቼሻለሁ” አልኳት። “አሳምረህ ነው?” አለች። ከአዲሱ ሰሊጥ ልካልዎታለች፤ ደብዳቤውን የሚያመጣው ሹፌር ያደርስልዎታል።

እንግዲህ በደንባችን ልዝጋው።

ከአዱኛ፣ ለእትዬ ሐሚዳ። ያየሁት፦ ሰማዩ ጠርቷል። ኾሩ ደርቋል። ውባንች በሩ ላይ ተቀምጣ እያንጎራጎረች ሰሊጥ ታበጥራለች። አመሰግንዎታለሁ።

ልምምድ አይደለም። ግመል የለም።

አዱኛ