ፊሽካ የሚነክስ ጥርስ

ጥቅምት 4

ሥራ እንደወትሮው። ማተሚያ ቤቱ ውስጥ የመማሪያ መጽሐፍ ስንጠርዝ ዋልን። የወረቀት መቁረጫው ዛሬም ሲያጉረመርም ዋለ... አለቃችን ደግሞ ከማሽኑ ብሶ። ጣቶቼ ሙጫ በሙጫ ሆነው ወጣሁና በቀጥታ ወደ ጂም።

ብረቱ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። አሰልጣኜ ነው። ብረት ሲያነሳ ሲጥል ስለሚውል ነው እንዲህ የተባለው፤ እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያውቅ ሰው ያለም አይመስለኝ።

"ምን በላሽ?"

"የእንቁላል ነጩን። ዶሮ። ትንሽ ሩዝ።"

"ፍራፍሬስ?"

"ኧረ አልነካሁም!"

"ጎበዝ። ፍራፍሬ ስኳር ነው። ቅጠል ደግሞ ለላም ነው የተፈጠረው።"

ከሰኔ ጀምሮ እንዲህ ነኝ። ምን ላድርግ? የእግር ኳሱ ዋና ሊግ ዳኞች የሩጫ ፈተና በጥር ነው። ካቻምና ወደቅሁ፣ አምናም ወደቅሁ። ሦስተኛ የወደቀ ተመልሶ አይፈተንም። ዘንድሮ ካላለፍኩ እስክሸብት የሰፈር ጨዋታ ማፏጨት ነው። ስለዚህ ቅጠሉም ይቅር፣ ፍሬውም ይቅር። ጥርስን ነክሶ መቻል...

ማታ ስቦርሽ ምራቄ ቀይ ነበር። ቡርሹ ጠንክሮ ይሆናል።

ጥቅምት 9

እሁድ። የሰፈር ቡድኖችን አጫወትኩ። ከዕረፍት በኋላ እግሬ እርሳስ ሆነብኝ። ኳሱ ወዲያ ማዶ፣ እኔ ወዲህ። ጎሉ ሲገባ ገና መሀል ሜዳ ላይ ነበርኩ።

አንዱ ደጋፊ፣ "ኧረ ለዳኛዋ ታክሲ ጥሩላት!" ቢል ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ። ጥርስ ባዳ ነው ይሉ የለ... ሆዴ እያረረ እሱ ይገለፍጣል።

ጥቅምት 18

ጭኔ በልዟል። ቅልጥሜም። ከምን ጋር ተጋጨሁ? ምንም ትዝ አይለኝም።

ጥቅምት 25

ልምምድ ላይ ፊሽካዬን ከአፌ ሳወጣው ደም ነክቶታል። መስታወት ፊት ቆሜ ከንፈሬን ገለጥ አደረግሁት። ድዴ አብጦ ጠቁሯል፤ የበሰለ እንጆሪ መስሏል።

ለብረቱ አሳየሁት። ጎንበስ ብሎ አየና፣ "ቆሻሻው እየወጣ ነው፤ ጥሩ ምልክት ነው" አለኝ።

ጥሩ ምልክት? እንዲህ ደክሞኝ? ደረጃ ስወጣ አረፍ እያልኩ? ግን እኮ እሱ ከኔ ይበልጥ ያውቃል... ያውቃል አይደል?

ህዳር 7

እሁድ። እማዬ ቤት። ገና በሩን ስትከፍት ፊቷ ተለዋወጠ።

"ምነው? መልክሽን የት ጥለሽው መጣሽ?"

"ስፖርት ነው እማዬ።"

"ስፖርት ሰው ይገድላል እንዴ? በይ ቁጭ በይ።"

ታላቅ ወንድሜም ነበር። ሾፌር ነው፤ ሁሉን ነገር በመኪና ነው የሚያስረዳው። "ይቺ ልጅ ዘይቷ አልቋል፤ ሞተሩ ሳይነክስ ጋራዥ አስገቧት" ይላል።

እማዬ ዳቦ ሰጠችኝ። ስገምጥ የፊት ጥርሴ ተነቃነቀ። በምላሴ ገፋ አደረግሁት። እንደገና ተነቃነቀ። ዳቦውን ቀስ ብዬ አስቀመጥኩት። እማዬ ግን አይታለች። ምን ያመልጣታል?

"ነገ ሐኪም ቤት" አለች። አልተከራከርኩም። ፈርቻለሁ።

ህዳር 8

የጥርስ ሐኪም ጋ ሄድኩ። ክፍሏ ጠባብ፣ መስኮቷ ሰፊ። ሐኪሟ በዕድሜ ጠና ያሉ ሴት ናቸው፤ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ይፈልጉታል።

ይነቀል ይሉኛል ብዬ ወንበሩን ጭምቅ አድርጌ ይዤ ነበር። እሳቸው ግን ድዴን አይተው ሲያበቁ እጅጌዬን ሰብሰብ አድርገው ክንዴን አዩ። ከዚያ እግሬን። ጥርስ ሐኪም እግር ምን ያደርግለታል?

"ጥርስሽን ትቦርሺያለሽ?"

"ጠዋትና ማታ።"

"ያስታውቃል። እስቲ የምትበይውን ንገሪኝ።"

ነገርኳቸው። ዶሮ፣ ሩዝ፣ የእንቁላል ነጭ።

"ብርቱካን? ቲማቲም? ጎመን? ቃሪያ? ምንም?"

"ምንም።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከሰኔ።"

መነጽራቸው ከግንባራቸው ወርዶ አፍንጫቸው ላይ ዱብ አለ። "ልጄ፣ ቫይታሚን ሲ የሚባለውን ጨርሰሽዋል መሰለኝ። ሰውነታችን ራሱ አይሠራውም፣ ብዙም አያጠራቅመውም። ሁሌ ከምግብ መግባት አለበት። ድዱን ከጥርሱ፣ ደም ሥሩን ከሥጋው አያይዞ የሚያቆመው ነገር ያለ እሱ አይሠራም። ለዚህ ነው ድድሽ የሚደማው፣ ሳትመቺ የምትበልዢው፣ የሚደክምሽ። ድሮ ባሕር ላይ ወራት የሚከርሙ መርከበኞች ነበሩ እንዲህ የሚሆኑት።"

"እኔ እኮ መርከብ አይቼም አላውቅ!"

ከት ብለው ሳቁ።

ያሉት ነገር ወዲያው ነው የገባኝ። ሙጫ ያልተቀባ መጽሐፍ አውቃለሁ። ወረቀቱ ምንም ቢያምር ሲገልጡት ይበተናል። እኔ እየተበተንኩ ነው።

"ጥርሴ ይነቀላል?" አልኩ በመጨረሻ።

"ማን ይነቅለዋል! ጥርሱ ደህና ነው፤ የያዘው ነው የላላው። ይጠብቃል።"

ይጠብቃል! ከዚያ ወዲያ ያሉትን ግማሹን አልሰማሁትም። ድዴን አጸዱልኝ፣ ለደም ምርመራ ላኩኝ። ስወጣ ከበሩ አጠገብ ካለችው ሱቅ ብርቱካን ገዝቼ መንገድ ላይ ቆሜ ላጥሁ። ድዴን አቃጠለኝ። ቢያቃጥል! ጭማቂው በክንዴ እየወረደ በላሁት።

ህዳር 11

የደሙ ውጤት መጣ። ሐኪሟ እንዳሉት ነው... ቫይታሚን ሲ ከወለል በታች። ሌላም ተጨመረ።

"ብረትም አንሶሻል" አሉ።

"ዶክተር፣ ብረቱማ ሞልቶኛል! ለዚህ ያበቃኝ እሱ አይደል?"

ግራ ገባቸው። አሰልጣኜ መሆኑን ስነግራቸው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ነርሷም ከወዲያ ክፍል መጣች። ሦስታችንም ሳቅን።

ከዚያ ቁም ነገሩ። ብረት ደም እንዲሠራ፣ ምስርና ቅጠላ ቅጠል፣ ሥጋም ካለ። ላዩ ላይ ሎሚ ወይም ቲማቲም፤ ቫይታሚን ሲው ብረቱን ወደ ውስጥ ያስገባዋል። ሻይ ከምግብ ጋር አይሆንም፣ ቆየት ብሎ ነው። ለጥርስና ለአጥንት ካልሲየም፣ ማለትም ወተትና እርጎ። ካልሲየሙ ያለ ቫይታሚን ዲ ደህና አይገባም፤ ዲ ደግሞ ከፀሐይ ነው። እኔ ቀኑን ሙሉ ማሽን ሥር፣ ማታ ጂም። ፀሐይን የማውቃት እሁድ እሁድ ብቻ!

የቫይታሚንና የብረት ክኒንም በልኩ ጻፉልኝ። "ይሄ እስክትቆሚ ድረስ ነው" አሉ። "ከዚያ በኋላ ሳህንሽ ይበቃሻል።"

ህዳር 12

ወንድሜ በፌስታል ሙሉ ጠርሙስ ይዞ መጣ። "ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ... ፊደሉን በሙሉ ገዝቼልሻለሁ። ሁሉንም ዋጪና ነገ ትበሪያለሽ!"

ሐኪሟ ጋ ደወልኩ። "ንክች እንዳታደርጊ" አሉኝ። "የተረፈ ሲ በሽንት ይወጣል። ኤና ዲ ግን ይጠራቀማሉ፣ ጉበትና ኩላሊት ይጎዳሉ። ብረትም ሲበዛ መርዝ ነው።"

ለወንድሜ ነገርኩት። "ዘይት ሲበዛም ሞተር ያጨሳል" አለና ፌስታሉን ቋጠረ። እማዬ ከማድ ቤት፣ "የሰው ሆድ ፋርማሲ መሰለህ?" ብላ ጮኸችበት። ደጉ ወንድሜ... ሊመልሰው ሄደ።

ህዳር 16

ዛሬ ስቦርሽ ምራቄ ነጭ። ነጭ!!

ህዳር 21

ጂም ሄድኩ። ለብረቱ ሁሉን ነገርኩት፣ ሳልቆጣ። እውነት ለመናገር ልቆጣ ነበር፤ ፊቱን ሳየው አልቻልኩም። ክብደቱን ወለሉ ላይ አስቀመጠ።

"እኔ እኮ እንድታልፊ ብዬ ነው።"

"አውቃለሁ። ለማለፍ ግን መብላት አለብኝ።"

ፎጣውን አንገቱ ላይ ጠመጠመ። ግራ ቀኙን አየ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ "የኔም ድድ ይደማል" አለኝ። "ከጀመረው ቆይቷል። ለሰው አልተናገርኩም።"

ያ ሁሉ ጡንቻ! አንጀቴን በላው። የሐኪሟን ስልክ ሰጠሁት።

ታህሳስ 3

ጥርሴ አልተነቃነቀም። በምላሴ ገፋሁ፣ በጣቴ ገፋሁ። እምቢ አለ። ሥራ ላይ ለአለቃችን ልነግረው ዳዳኝና ተውኩት... ምን ይለኛል? "ጥርስሽ አልተነቃነቀም? እንኳን ደስ አለሽ፤ በይ ቁረጪ።"

ታህሳስ 12

ጠዋት ከብረቱ ጋር ሮጥን። ፀሐይ ላይ፣ ውጭ። ሐኪሟ የሱንም ድድ አጽድተውለት፣ አመጋገቡን አስተካክለውለታል። ዳገቱን እኩል ጀምረን ቀደምኩት። ወደ ኋላ ዞሬ ሳየው እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ቆሟል።

"ምን በላሽ?" ብሎ ጮኸ።

"ቅጠል!"

መንገደኛው ሁሉ ዞሮ አየን።

ጥር 4

ፈተናው ቀርቧል። ሐኪሟ ድዴን አይተው፣ "ሮዝ ሆኗል፤ ጠንክሯል" አሉ። ደሜም ሞልቷል። ክኒኑን አቁሚ አሉኝ።

ግን ብወድቅስ? አሁን እኮ ማሳበቢያ የለኝም...

ጥር 12

አለፍኩ።

ከመጀመሪያው ልጻፈው። ሜዳው እርጥብ ነበር። አብዛኞቹ ወንዶች፣ ሴቶቹ ጥቂት። ፈታኙ ሰዓቱን አንገቱ ላይ አንጠልጥሏል፣ ፊቱ ፈገግታ አያውቅም። ፊሽካ ሲነፋ እንሮጣለን፣ ሲነፋ እንራመዳለን፣ እንደገና... አምና የወደቅሁባት መታጠፊያ ላይ ስደርስ ልቤ ዘለለች። እግሬን ጠበቅሁት። አልከዳኝም! ትንፋሼ እንደ ሰው ትንፋሽ ይወጣል ይገባል። አጠገቤ የነበረ ረጅም ሰውዬ ደክሞት አቋርጦ ወጣ። ከፊቴ የነበረችው ሴት ልታቆም ስትል፣ "ነይ! ከኔ ጋር!" አልኳት። ምን እንዳናገረኝ እንጃ። መጣች። ትከሻ ለትከሻ ጨረስን።

ፈታኙ ስሜ አጠገብ ምልክት አደረገ። "ዘንድሮ ምን አገኘሽ?" አለኝ።

"ምግብ" አልኩት።

ለእማዬ ደውዬ ነገርኳት። "እሰይ! እሰይ የኔ አንበሳ! እሰይ!" ማቆሚያ የለውም። ወንድሜ ስልኩን ነጥቆ የመኪናውን ጥሩምባ አሰማኝ። ብረቱማ ጂም ውስጥ ተሸክሞኝ ዞረ። ማተሚያ ቤት አለቃችን እንኳ ማሽኑን አስጠፍቶ አስጨበጨበ። አለቃችን!

የካቲት 15

የዋናው ሊግ የመጀመሪያ ጨዋታዬ። ዳኛዋ እኔ።

ስታዲየሙ ሙሉ። ስገባ አንዳንዱ አፏጨ፣ አንዳንዱ አጨበጨበ። ፊሽካዬን በጥርሴ ያዝ አድርጌ ሰዓቴን አስተካከልኩና ነፋሁ... ከዚያ በኋላ ፍርሃቱ የት እንደገባ አላውቅም። ኳሱ በሄደበት ሁሉ ነበርኩ።

ሊያልቅ ሲል፣ አንድ ለአንድ እያሉ፣ የባለሜዳው አጥቂ ብቻውን አመለጠ። እንደ ጥይት ነው የሚሮጠው። እኔም ተከተልኩ። ሳጥን ውስጥ ሲገባ ተከላካዩ ሳይነካው ዘሎ ወደቀ። እግሩን ይዞ ይንከባለላል፣ ያለቅሳል። ስታዲየሙ ተነሥቶ "ፍጹም ቅጣት!" እያለ ይጮኻል።

ቢጫ ካርድ አወጣሁ። ለሱ። ላስመሰለው።

ከመሬት ተነሥቶ ዓይኑን አፈጠጠ። "ዳኛ፣ የት ሆነሽ አየሽው?"

"ከኋላህ። እጅህን ብትዘረጋ ልብሴን ትነካው ነበር።"

የራሱ ቡድን ካፒቴን ሳቁን መያዝ አቅቶት ፊቱን አዞረ።

ስንወጣ ከላይ ስድቡ እንደ በረዶ ወረደ። የዚያ ሁሉ ሕዝብ ጥርስ ውስጥ ገባሁ። ይሁና! የኔው ጥርስ በቦታው ነው።