መዝለል የሌለበት ጌም

ሰኞ፣ ግንቦት 4/2006

ሴትዮዋ ዛሬም ዘልላ ድንጋዩ ውስጥ ሰመጠች። ቢሮ ከመግባቴ በፊት አንድ ሰዓት ተኩል ታገልኩ፤ አልሆነም። እንጨት ተሸክማ ከእንጦጦ የምትወርድ ሴት ናት፤ ገደል እየዘለለች፣ ከጫካ ጥበቃ እያመለጠች ፈረንሳይ ሰፈር ትደርሳለች። ጌሙ ይኸው ነው። አንድ ዓመት ፈጀብኝ። ልጅ ሆኜ ጎረቤት ቤት የተጫወትኳቸውን የካሴት ጌሞች እንዲመስል ነው የደከምኩት፤ በትንንሽ አራት ማዕዘን የተሠራ ሥዕል፣ ጢው ጢው የሚል ድምፅ፣ ዝላይ። ዝላይ ከሌለው ምኑን ጌም ሆነ።

ቅዳሜ ጌም የምንሠራ ጥቂት ሰዎች ሥራችንን እናሳያለን። የቀረኝ፦ ድንጋዩ፣ ድምፁ፣ የመጨረሻው ገደል፣ እንቅልፍ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 5

መብራት የለም። በላፕቶፑ ባትሪ እየሠራሁ እማዬ ከኋላዬ ቆማ አየችኝ። የቢሮ ሥራ ነው ስላት ነበር የከረምኩት።

"ምን ተሸክማ ነው?" አለች።

"እንጨት።"

"ማን ናት?"

"ዝም ብላ ሴት ናት" አልኩ። ውሸት ነው። ቢጫ ሻሿን የወሰድኩት እማዬ በወጣትነቷ ከተነሳችው ብቸኛ ፎቶ ነው። እኔን ያሳደገችኝ ከእንጦጦ ራጉኤል በታች እንጨት እየተሸከመች ነው፤ መሪ ሰፈር ኮንዶሚኒየም ደርሶን ከገባን ወዲህ ግን ስለዚያ አንድም ቀን አውርታ አታውቅም። እኔም አልጠየቅኳትም። ጌም ግን ሠራሁበት።

ጣቷን ይዤ ቁልፉን አስነካኋት። ሴትዮዋ ዘለለች።

"ተሸክመው ይዘላሉ እንዴ?" አለችና ወደ ኪችን ገባች። ቀኑን ሙሉ ሳፍር ዋልኩ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 6

ራሴ ጠየቅኳት። ምስር እየለቀመች ነገረችኝ፤ ቀና ብላ አላየችኝም። ያን ሸክም ይዞ መዝለል ቀርቶ መቀመጥም አይቻልም፤ ብቻሽን ከተቀመጥሽ አትነሺም። ወገብ የሚደርስ ድንጋይ ፈልገሽ፣ ሸክሙን አስደግፈሽ፣ ቆመሽ ነው የምታርፊው። ድንጋይ ከሌለ የሚያስነሳሽ ሰው ያስፈልግሻል።

"እኔን ጫልቱ ነበረች የምታስነሳኝ" አለች። ስሟን ገና ዛሬ መስማቴ ነው።

እኔ ደግሞ ድንጋዮቹን ሁሉ መዝለያ አድርጌያቸዋለሁ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 7

ሥዕሎቹን ለሚሥልልኝ ለዳዊት ደወልኩ። ዝላዩን ላወጣው ነው አልኩት።

"ሁለት ቀን ቀርቶን? ሲሪየስሊ? ሰው ቆማ የምታርፍ ሴት ሊያይ ይመጣል?"

እውነቱን ነው። ቢሆንም በሸቅኩና ዘጋሁበት። ከዚያ ዝላዩን አጠፋሁት። ያን ያህል የለፋሁበት ነገር ሦስት መስመር ኮድ ነበር። ለቢሮ ሆዴን አሞኛል ብዬ ቀረሁ፤ ከሰዓት በኋላ የምር አመመኝ።

አርብ፣ ግንቦት 8

አሁን ሴትዮዋ ትሄዳለች፣ ትደክማለች፣ ድንጋይ ተደግፋ ታርፋለች። ሜዳ ላይ ከተቀመጠች ሌላ ተሸካሚ እስክትመጣ መጠበቅ ነው። ዳዊት እያጉረመረመም ቢሆን ሁለተኛዋን ሴት ሥሎ ላከልኝ። ቀይ ቀሚስ አልብሷታል፤ ታምራለች። የመጀመሪያዋን ካስነሳች በኋላ እሷም ቁጭ ብላ እንድታርፍ አደረግኩ፤ አሳዝናኝ ነው።

ዓይኔ ይቃጠላል። ጌሙ ጥሩ ይሁን መጥፎ መለየት አቅቶኛል። እማዬን ነገ ነይ አልኳት።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9

አምስት ሰው ሞከረው። አንዱ "መዝለያው የቱ ነው?" አለኝ፤ የለም ስለው ጆይስቲኩን አስቀምጦ ሄደ። ዳዊት ወደ እኔ አላየም።

እማዬ መጣች። ሰው ቀነስ ሲል ወንበሩ ላይ ተቀመጠችና ጆይስቲኩን እንደ ሰሃን በሁለት እጇ ያዘች። የትኛው ድንጋይ እንደሚያሳርፍ ማንም ሳይነግራት ታውቃለች። ግማሽ መንገድ ከወረደች በኋላ ሆን ብላ ሴትዮዋን ሜዳው ላይ አስቀመጠቻት፤ ጠበቀች። ባለ ቀይ ቀሚሷ መጣች፣ አስነሳቻት፣ ከዚያ ራሷ ቁጭ አለች።

እማዬ እጇን ከቁልፉ አነሳች።

"ጫልቱ አትቀመጥም ነበር።"

"ለምን?"

"እሷ ከተቀመጠች ማን ያስነሳናል?"

ወደ መሪ ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ትከሻዬ ላይ ተኛች፤ ሻሿን አስተካከልኩላት።

እማዬ ልክ ናት፤ የጫልቱን መቀመጥ ከጌሙ ማውጣት አለብኝ። ቤት እንደገባሁ ላፕቶፑን ከፈትኩ፣ የምትቀመጥበትን መስመር አገኘሁት፣ ሳልነካው መልሼ ዘጋሁት። ቢያንስ ጌም ላይ ትንሽ ትረፍ።